የጊዮርጊስ ታላቁ ተጫዋች ማን ነው?

በአዲስ አበባ ስታዲየም ከካታንጋ እስከ ሚስማር ተራ፣ ከስታዲየሙም ውጭ በየቡና ቤቱና በየሰፈሩ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የዕለቱ ጨዋታ ተወርቶ ካለቀ በኋላ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ እርሱም ክለቡ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ከተመሠረተ ወዲህ ማልያውን ከለበሱት ሁሉ ታላቁ ማን ነው የሚለው ነው። አባቶች የይድነቃቸው ተሰማን ስም ይጠራሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የመጡት በመንግሥቱ ወርቁ ይምላሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ያላዩትን ዘመን በይሉኝታ አክብረው ካለፉ በኋላ ወደ አዳነ ግርማና ወደ ሳላዲን ሰዒድ ይመለሳሉ። እያንዳንዱ ትውልድ በጎልማሳነቱ መግቢያ ላይ ያየውን ተጫዋች ከሁሉ አብልጦ መውደዱ የሰው ጠባይ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ ዘወትር በተጀመረበት ቦታ ያልቃል።

ነገሩ ከንቱ ነው፣ ዘመንን ከዘመን የሚያነጻጽር ሚዛን የለም የሚሉ አሉ። እኔ ከእነዚህ ወገን አይደለሁም። ሚዛን የጠፋ መስሎ የሚታየው የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀው ስለሚጫኑበት ነው፤ አንዱ ተጫዋቹ ያገባውን ግብ ሲቆጥር ሁለተኛው ያነሣውን ዋንጫ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ኋላ የደረሰበትን ማዕረግ ይጠቅሳል፤ አራተኛው ጠባዩንና ትሕትናውን ያወሳል፤ ሁሉም እውነት ተናግረው ሳለ አንዱም ለሌላው መልስ አልሰጠም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ምን እንመዝናለን የሚለው ነው፤ የእኔም ሐሳብ አጭር ነው፤ በሜዳ ውስጥ በእግሩ የሠራው ብቻ ይመዘን፤ ሲመዘንም ብዛቱ ብቻ ሳይሆን በማን ላይና በምን ሰዓት እንደ ተሠራ ይታይ።

ከይድነቃቸው ተሰማ እንጀምር፤ ከእርሳቸው በቀር በሌላ መጀመር አይቻልምና። በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የመሠረቱትን ቡድን ገና በዐሥራ አራት ዓመታቸው ገብተውበት፣ ጨዋታ እስካቆሙበት እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ ሦስት ዓመት ከእርሱ አልተለዩም። በዚህ ጊዜ ውስጥ 365 ጨዋታ ተጫውተው 318 ግብ እንዳገቡ ስለ እርሳቸው የተጻፈው ሁሉ ይመሰክራል፤ ይህም በየስምንቱ ጨዋታ ወደ ሰባት ግብ የሚደርስ ነው። (የአባታቸው ድምፅ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በሸክላ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ሲሰማ፣ የልጃቸውን የእግር ጥበብ ግን የምናውቀው በቁጥርና በአዛውንት ወሬ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።)

የዚያ ዘመን ተጫዋች የተሸከመውንም ዛሬ በሣር ሜዳ ላይ ያደገ ወጣት በቀላሉ አይገምተውም። ቡድኑ በተመሠረተ በጥቂት ወር ውስጥ ጠላት አዲስ አበባን ያዘ፤ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመንም ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው እንዲጫወት በዘር ተለይቶ ተደነገገ። ታቦቱ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ወደ ዓድዋ በዘመተው፣ ድሉም በበዓሉ ቀን በተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሰየመ የአራዳ ልጆች ቡድን በእንደዚያ ያለ አገዛዝ ሥር አለመበተኑ ራሱን የቻለ ተጋድሎ ነበር። ነጻነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም. ውድድር ሲጀመርም የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ ለጣሊያኖች፣ አራራት ለአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ ለግሪኮች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት፤ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው በ1942 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክብሩም ፈተናውም አብረው ይገኛሉ። ክብሩ ግልጽ ነው፤ ትናንት በገዛ አገሩ ሁለተኛ ዜጋ የተባለ ወጣት ዛሬ በዚያው ከተማ የገዢውን ልጆች በእኩልነት ገጥሞ ግብ ሲያገባ ግቡ ከአንድ በላይ ይመዝናል። ፈተናው ደግሞ ይህ ነው፤ ተጋጣሚው ነጋዴው፣ የእጅ ሥራ ባለሙያው፣ ወታደሩ ከሥራ መልስ የሚጫወትበት የማኅበር ቡድን ነበር፤ ከ318ቱ ግብ ስንቱ በሊግ፣ ስንቱ በዋንጫ፣ ስንቱ በወዳጅነት ጨዋታ እንደ ገባም ተለይቶ የተቀመጠ ዝርዝር በሕዝብ እጅ አይገኝም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሌሎችንም ክለቦች ቤት አንኳኩቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሊዮኔል ሜሲ ለባርሴሎና 644ኛውን ግብ አግብቶ፣ ለአንድ ክለብ ብዙ ግብ በማግባት ፔሌን በለጠ በተባለ ጊዜ፣ የብራዚሉ ሳንቶስ ነገሩን አልቀበልም አለ፤ ፔሌ ለእኔ ያገባው 643 ሳይሆን 1091 ነው፤ በወዳጅነት ጨዋታ ያገባቸው 448 ግቦች በዘመኑ ታላላቅ ክለቦች ላይ ጭምር የገቡ ስለ ሆነ ሊጣሉ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ማን እንደ ረታ ለዚህ ጽሑፍ አያሻም። ልብ ሊባል የሚገባው የተከራከሩበት መንገድ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እያንዳንዱ ግብ መቼና በማን ላይ እንደ ገባ በፊታቸው ዘርግተው፣ ይህን ቁጠር፣ ያንን አትቁጠር ነበር የሚባባሉት። እኛ ግን ስለ ይድነቃቸው ስንከራከር ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱን በአንድ ጊዜ መቀበል ወይም በአንድ ጊዜ መጠራጠር እንጂ ሌላ ምርጫ የለንም።

የይድነቃቸውን ነገር ይበልጥ የሚያወሳስበው ግን ከሜዳ ከወጡ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ እርሳቸው ናቸው፤ በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ ጋር ተቀምጠዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው መርተዋል፤ የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ እንድትወገድ የተደረገውን ትግል ከመሩት ሰዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። ይህ ሁሉ ታላቅነት ነው፤ እንዲያውም ከኳስ ጨዋታ ታላቅነት የሚበልጥ ነው፤ ነገር ግን የተጫዋች ታላቅነት አይደለም። የይድነቃቸው ስም በተጠራ ቁጥር ተከራካሪው ሁሉ ዝም የሚለው በእግራቸው ተረትቶ አይመስለኝም፤ በማዕረጋቸው ፊት አፍሮ ነው። በመንበር ላይ የተገኘ ክብር ወደ ኋላ ተመልሶ በሜዳ ላይ ግብ ሊያገባ አይችልም፤ ስለዚህ እርሳቸውን የክለቡ አባት ብለን በሚገባቸው ስፍራ አስቀምጠን፣ የተጫዋቾቹን ክርክር ለተጫዋቾች ብንተው ለእርሳቸውም ለክርክሩም ፍትሕ ይሆናል።

ወደ መንግሥቱ ወርቁ ስንመጣ ማስረጃው ይበረክታል። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ኢትዮጵያ የተጫወተችው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ጥር 6 ቀን ቱኒዝያን አራት ለሁለት ስታሸንፍ ከአራቱ ሁለቱን ያገባው መንግሥቱ ነው። ከጥምቀት በዓል በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጥር 13፣ ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለት ዋንጫዎች ሁለቱንም የወሰደችው ግብጽ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፍጻሜ ቀረበች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብጽ አገባ፤ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ፤ በ84ኛው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዳግመኛ አቻ አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተከላካዩ ጉልበት የሚዝልበት፣ የአጥቂው እግር ሣሩን መጎተት የሚጀምርበት፣ ግብጽም አንዲት ግብ ብታገኝ ሁሉ ነገር እንደ ገና የሚታደስበት ጊዜ ነበር፤ በዚያ ጭንቅ መካከል በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አግብቶ ነገሩን የቈረጠው መንግሥቱ ወርቁ ነው። በውድድሩ ከባዳዊ ጋር እኩል ሦስት ሦስት ግብ አግብተው የግብ አግቢነቱን ክብር ተካፈሉ፤ የቡድኑ አሰልጣኝም ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

በማን ላይና በምን ሰዓት ያልኩት ይህን ነው። መንግሥቱ በተከታዮቹ ዓመታት በተደረጉ የአፍሪካ ዋንጫዎች ጨምሮ ጨምሮ በጠቅላላው ዐሥር ግብ አድርሷል፤ ከእርሱ በኋላ ስንት ትውልድ በተለዋወጠበት በዚህ ውድድር ታሪክ ዐሥር ግብ ያገቡት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ለአገር የተሠራ እንጂ ለክለብ የተሠራ አይደለም፤ ክርክሩም የክለብ ነው ይባላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ እኔ ራሴ ማዕረግን ከሚዛኑ ካወጣሁ በኋላ የአገርን ማልያ ማስገባቴ አድልዎ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መንበርና ሜዳ አንድ አይደሉም። በክለቡ ልምምድ የተሳለው እግር፣ በክለቡ ጨዋታ የተገራው ዐይን ነው በጥር 13 የታየው፤ የአዲስ አበባው ሊግ በዚያ ዘመን ተጫዋቹን በአህጉሩ ሚዛን ለማስቀመጥ የሚበቃ ተጋጣሚ ሁልጊዜ ስለማያቀርብለት፣ የጊዮርጊስ አጥቂ በእውነት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከካይሮና ከቱኒስ ሰዎች ጋር ሲጋጠም ነው። ይድነቃቸው በዕድሜያቸው ጉልበት ላይ ሳሉ የአፍሪካ ዋንጫ ገና አልተፈጠረምና ይህ ፈተና አልገጠማቸውም፤ ይህ ጥፋታቸው አይደለም፤ ያልተፈተነን ግን እንደ ተፈተነ አድርጎ መቍጠር አይቻልም። በነገራችን ላይ ክርክሩ የክለብ ሳይሆን የአገር ቢሆን ኖሮ የመንግሥቱ ነገር እንዲህ ቀላል ባልሆነም፤ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ተጫዋች በመሆኑ የጊዮርጊስ ደጋፊ ከብርቱ ሙግት ድኗል።

ከመንግሥቱ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ አልፋለሁ። ሙሉጌታ ከበደን ያዩ ሰዎች ከማንም አያሳንሱትም፤ እኔም አላሳንሰውም። ወደ ዛሬዎቹ እንለፍ።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ጊዮርጊስ ዋንጫ ያነሣውን ያህል ማንም አላነሣም፤ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ለአራት ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ደርሷል። የዚህ ዘመን ልጆች አዳነ ግርማን ቢመርጡ አልፈርድባቸውም። አጥቂ ሲጎድል አጥቂ፣ አማካይ ሲጎድል አማካይ፣ ተከላካይም ሲጎድል ተከላካይ ሆኖ የተሰለፈ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ ከባለ ዋንጫዋ ዛምቢያ ጋር በተጋጠመች ጊዜ፣ ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ተይዞበት፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ቡድኑ ዐሥር ሰው ሆኖና አንድ ለባዶ እየተመራ ሳለ አቻ ያደረገው አዳነ ነው። ያ ቀን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። የእግር ኳሳችን ስንክሳር ቢጻፍ ጥር 13 የጊዮርጊስ ልጆች ቀን ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል፤ በ1954ቱ መንግሥቱ፣ በ2005ቱ አዳነ፣ ሁለቱም የአንድ ክለብ ሰዎች ናቸውና።

ሳላዲን ሰዒድ በተፈጥሮ ተሰጥዎ ከአዳነ ይበልጣል ብየ አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ ከጉልምስናው ዘመን ብዙውን በግብጽ፣ በቤልጅግና በአልጀርያ አሳልፎታል። ከጊዮርጊስ ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ፍቅሩ ተፈራም እንዲሁ ነው፤ የሕንድ ሱፐር ሊግ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው እርሱ ነው፤ የለበሰው ማልያ ግን የኮልካታ ነበር። ስለዚህ ከአባቶቹ አንዱ ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ክለብ ጸና ብለን የዛሬውን ወጣት ከዳተኛ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለአባቶቹ የተከፈተ በር አልነበረም፤ ለልጆቹ ተከፍቷል፤ ታማኝነትም የሚለካው መሄድ ተችሎ ሳለ በቀሩበት ጊዜ ነው። እኔ ዓመታትን እንደ ዋና መመዘኛ የማልቈጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ እስከ አሁን የዘረዘርኋቸው ሁሉ አጥቂዎች ወይም ወደ ግብ የሚሄዱ ተጫዋቾች ናቸው። ይህ የክርክራችን ትልቁ ነውር ነው። ደጉ ደበበ ለዓመታት የጊዮርጊስንም የብሔራዊ ቡድኑንም የመሐል መከላከያ ይዞ፣ አምበል ሆኖ፣ በዚያ በ2005ቱ ጉዞ ላይ ሳለ በየቡና ቤቱ ክርክር ስሙ የሚጠራው ሌሎቹ ከተጠሩ በኋላ ነው። ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ በእነዚያ ተከታታይ ዋንጫዎች ዘመን የክለቡን ግብ ሲጠብቅ ቆይቷል፤ ባዕድ ነው ተብሎ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ዱካስ የተባለ ሰው በሆነበት ክለብ ውስጥ ባዕድነት ለመርሳት ምክንያት መሆኑ አይገባኝም። ነገሩ ግን ከጥላቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ግብ ስለሚቈጠርና የተመለሰ ኳስ ስለማይቈጠር ነው። ያልገባ ግብ በማንም ብራና ላይ አልሰፈረም።

የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት አስቀድመው ንባቡን ያቀናሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ትርጓሜው ይገባሉ፤ ንባቡ ሳይጸና አንድም ብሎ መጀመር በጉባኤያቸው የተነወረ ነው። እኛ በእግር ኳሳችን ንባብ ሳይኖረን ትርጓሜ ላይ ነን። የለንደኑ አርሰናል ክሊፍ ባስቲን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያገባቸውን 178 ግቦች አንድ በአንድ ጽፎ ስላስቀመጠ፣ ኢየን ራይት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ያንን ቁጥር ያለፈበትን ቅጽበት በስታዲየሙ የነበረ ሰው ሁሉ ዐውቆት በጭብጨባ ተቀበለው። ባስቲን ያን ጊዜ ከሞተ ወደ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ መዝገቡ ግን ስለ እርሱ ይናገርለት ነበር። በእኛ ክለብ አንድ ወጣት ዛሬ የይድነቃቸውን ቁጥር ቢያልፍ በየትኛው ጨዋታ፣ በስንተኛው ደቂቃ እንዳለፈ በምን እናውቃለን?

እስከዚያው ድረስ ባለን ማስረጃ ፍርዴን እሰጣለሁ። የክለቡ ታላቅ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ የክለቡ ታላቅ ተጫዋች ግን በ1932 ዓ.ም. ተወልዶ በ2003 ዓ.ም. ያረፈው መንግሥቱ ወርቁ ነው። አዳነ ግርማን ሦስተኛ አደርገዋለሁ፤ ደጉ ደበበንም ብዙዎች ከሚጠብቁት በላይ ከፍ አድርጌ አራተኛ። ሳላዲን በክለቡ ቢቈይ ኖሮ ይህ ቅደም ተከተል ይለወጥ ነበር።

ፍርዱ ይግባኝ አለበት፤ ይግባኙ የሚታየው ግን በጩኸት ሳይሆን በሰነድ መሆን አለበት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2028 ዓ.ም. መቶ ዓመት ይሞላዋል። የክለቡ አመራር ከዚያ ቀን በፊት ከ1928 ጀምሮ ማልያውን የለበሱትን ሁሉ፣ አጥቂውን ከበረኛው ሳይለይ፣ ጨዋታቸውን ከነቀኑና ከነተጋጣሚው የያዘ አንድ መዝገብ አሳትሞ ለሕዝብ ያቅርብ፤ የድሮ ጋዜጣ፣ የጨዋታ ፕሮግራም፣ የቡድን ፎቶግራፍ በሣጥኑ ያስቀመጠ ቤተ ሰብ ካለም ወረቀቱ ሳይበላሽ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ሰዎች በስም የሚለዩት አዛውንት በሕይወት ሳሉ፣ ለክለቡ ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስ እለምናለሁ።